ከቆዳ ሥር ሳይሆን በቆዳው ውስጥ የሚያድግ ስብ

ጥያቄ፦ በአንድ ልጅ ዳሌ ላይ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተሰባሰቡ፣ የማያምሙ ለስላሳ እባጮች ይታያሉ። ሥጋ ደዌ ይሆኑ ወይስ ካንሰር? (ከቡሬ)

መልስ፦ ገለጻው ሆፍማንና ዙርሄለ የተባሉ ሐኪሞች በ1921 (እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ ከገለጹት፣ ኔቨስ ሊፖማቶሰስ ከሚባለው፣ ካንሰር ካልሆነና እምብዛም ከማያጋጥም እባጭ ጋር ይቀራረባል። ተራው የስብ እጢ ከቆዳ ሥር ሲያድግ፣ በዚህኛው ግን የስብ ሕዋሳት በራሱ በቆዳው ውስጥ፣ ቆዳን በሚያጠነክሩት የኮላጅን ክሮች መካከል ተሰግስገው ይገኛሉ። እባጮቹ የቆዳ ቀለም ያላቸው ወይም ወደ ቢጫ የሚያደሉ ሆነው፣ ብዙውን ጊዜ ከልደት እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ፣ በታችኛው ጀርባ፣ በመቀመጫ ወይም በላይኛው ጭን፣ በአንድ ወገን ብቻ ይሰባሰባሉ።

የሥጋ ደዌ ዋና ምልክት ስሜት ያጣ የቆዳ ክፍል እንጂ እባጭ ብቻ ስላልሆነ፣ ቤተሰብ ያለ ማስረጃ ሥጋ ደዌ ነው ብሎ ልጁን ቢያገልል ከባድ በደል ነው። ይበልጥ የሚያሳስተው የነርቭ ሽፋን እጢ ሲሆን፣ እርሱ በብዛት ሲወጣ በአብዛኛው በሰውነት ላይ ተበታትኖና ከቡናማ ነጠብጣቦች ጋር ይታያል። እርግጡን የሚለየው ከእባጩ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚመረመር ናሙና ስለሆነ፣ ልጁ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ታይቶ፣ ካስፈለገ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ሊጻፍለት ይገባል። በመንደር በምላጭ መቁረጥም ሆነ በጋለ ብረት መተኮስ ለቁስለትና ለቲታነስ ያጋልጣል። ምርመራው ኔቨስ ሊፖማቶሰስ መሆኑን ካረጋገጠ ሕክምና ግዴታ አይደለም፤ እባጩ መልክን ካበላሸ ወይም በልብስ እየተፋተገ ካስቸገረ ግን በቀዶ ሕክምና ይወገዳል።