ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ ስለ ወደዳችሁት ፊልም መጻፍ

ተማሪዎች ሆይ፤ ከዚህ ቀደም በነበሩት ትምህርቶች ተራኪ ድርሰትና ገላጭ ድርሰት ምን ምን እንደ ሆኑ፣ በምን በምንም እንደሚለያዩ አይታችኋል። አሁን የምትማሩት ሁለቱ የሚገናኙበትን፣ ብዙ ጊዜም የሚጋጩበትን አንድ ዐይነት ጽሑፍ ነው። ይኸውም አይታችሁ የወደዳችሁትን ፊልም ላላየው ሰው የምትገልጹበት ጽሑፍ ነው። ሥራው ለጊዜው ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን የጠሉትን ነገር ከማማረር ይልቅ የወደዱትን ለምን እንደ ወደዱት መናገር ይከብዳል።

ለትምህርቱ መነሻ የሚሆነንን ከራሴ የመምህርነት ዘመን ላንሣ። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቅ፣ በሀዲያ ዞን በፎንቆ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ፎንቆ የአንሌሞ ወረዳ ከተማ ናት። ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ተማሪዎች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራዩና ይማሩባታል፤ ቅዳሜ ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ወደ ማታ ቆጮና ድንች ተሸክመው ይመለሳሉ። እኔም ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «በዚህ ዓመት ያስደሰተኝ ነገር» የሚል ርእስ ሰጠኋቸው። አብዛኞቹ ስለ ያሆዴ በዓል ጻፉ። ከደመራው እስከ ሥጋው፣ ከሥጋው እስከ ዘመድ ጥየቃው አንድም አላስቀሩም። አንድ ተማሪ ግን «ሻዛም» ስለተባለው የአሜሪካ ፊልም ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፎ አመጣ።

ፊልሙን ላላያችሁት ባጭሩ ላስረዳ። «ሻዛም» እ.ኤ.አ. በ2019 በዴቪድ ሳንድበርግ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ የወጣ ነው። መሠረቱ ግን ቆየት ያለ ነው፤ ደራሲው ቢል ፓርከርና ሠዓሊው ሲ. ሲ. ቤክ ይህን ባለታሪክ በሥዕላዊ መጽሔት ለአንባቢ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። በማግስቱ ዓመትም ታሪኩ በ12 ክፍል ፊልም ሆኖ ታይቷል። በአዲሱ ፊልም ውስጥ ቢሊ ባትሰን የሚባል ዕድሜው ዐሥራ አራት የሆነ ልጅ አለ፤ ወላጆቹ አብረውት የሉም፤ በፊላደልፊያ ከተማ እንደ እርሱ ያሉትን ልጆች በሚያሳድግ ቤተሰብ ዘንድ ይኖራል። አንድ ሽማግሌ ጠንቋይ ኀይሉን ያወርሰዋል። ቢሊ «ሻዛም» ባለ ቍጥር መብረቅ ይወርድና ቀይ ልብስና ነጭ ካባ የለበሰ፣ ደረቱ ላይ የመብረቅ ምልክት ያለበት ጐልማሳ ይሆናል። አብሮት የሚኖረው ፍሬዲ በምርኵዝ የሚሄድ፣ የልዕለ ኀያላንን ታሪክ በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ነውና መካሪው ይሆናል። ሁለቱ ኀይሉን የሚፈትኑበት አኳኋን ነው ፊልሙን ሳቅ በሳቅ ያደረገው።

የዚያን ተማሪ ድርሰት አርሜ ከዐሥር አራት ሰጠሁት። ከግርጌውም በቀይ ቀለም «ለቀልድ ይህን ያህል ወረቀት አይፈጅም» ብዬ ጻፍኩበት። ይህን ዛሬ ስጽፍ አላፍርም አልልም። ሆኖም ውጤቱ በሙሉ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያቱንም እናንተ ልታውቁት ይገባል። ከመጀመሪያው ገጽ ጥቂት መስመሮችን ተመልከቱ፦

«በመጀመሪያ ልጁ ከእናቱ ጠፋ። ከዚያ ቤት ገባ። ከዚያ ባቡር ላይ ወጣ። ከዚያም ጠንቋዩን አገኘው። ከዚያ በኋላ ትልቅ ሰው ሆነ። በጣም አሪፍ ነው።»

በሁለት ገጽ ውስጥ «ከዚያ» ሠላሳ አንድ ጊዜ፣ «አሪፍ» ዘጠኝ ጊዜ ገብተዋል። (እንደ ቆጠርኩ አትታዘቡኝ፤ የመምህር ዐመል ነው።) «ከዚያ» ድርጊትን ከድርጊት በጊዜ ብቻ ያያይዛል፤ ለምን እንደ ተከተለ አይነግረንም። ፊልሙን ያላየ አንባቢ በዚህ አጻጻፍ የሚያገኘው የታሪኩን አፅም ነው። ያየውም አንድ አዲስ ነገር አያገኝም። ሥጋውና ደሙ ማለትም የተመልካቹ ደስታ በ«አሪፍ» ውስጥ ተሸሽጎ ቀርቷል። «አሪፍ» በጨዋታ መካከል ባልከፋ፤ በጽሑፍ ግን ጫማውንም፣ ወጡንም፣ ጓደኛንም በአንድነት የሚያሞግስ ቃል ስለ ሆነ ከሦስቱ ማንኛቸውንም አያሳይም።

እዚህ ላይ ወደ ሰዋስው እንመለስ። «ሳቀ» የሚለውን ግሥ ውሰዱ። «ሳቅሁ» ስትሉ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። «አሳቀኝ» ስትሉ ግን በግሡ መነሻ የገባችው «አ» ሳቁን ያመጣ ሌላ ባለቤት እንዳለ ታስታውቃለች፤ በመድረሻው ያለችው «ኝ» ደግሞ ተሳቢው «እኔ» መሆኔን ታመለክታለች። እንግዲህ «አሳቀኝ» ያለ ጸሐፊ «ማን አሳቀህ? ምን አድርጎ?» ለሚል ጥያቄ በሩን ከፍቷል፤ መመለስም አለበት። «አስቂኝ» የሚለው ቅጽል ግን በሩን ይዘጋል። በእርሱ ውስጥ ያለችው «ኝ» «እኔን» ማለት አይደለችም፤ ቅጽሉን የምትመሠርት ናት። ስለዚህ «ፊልሙ አስቂኝ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ማንም ሳይስቅበት ሊጻፍ ይችላል። ቅጽሉን ከነጭራሹ ተዉት ማለቴ አይደለም። ግሡ ከቀደመው ቅጽሉ ሥራ ያገኛል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ገጽ እንሂድ። ያን ጊዜ ችዬ ያላነበብኩት ይህን ነው። ተማሪው ወላጆቹ ዘንድ ሀዲይኛ የሚናገር፣ አማርኛን በትምህርት ቤት ያዳበረ ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ከክፍሉ ተጋሪዎች እንግሊዝኛ የሚሻለው አንዱ ልጅ በሀዲይኛ እየተረጐመላቸው ከስልክ ላይ አዩት። እርሱም በአማርኛ ጻፈው። ስሙን ትቼ እነሆ፦

«ጥይቱን የማይበሳው ልብሱ ነው ወይስ ሰውየው ብለው ፍሬዲና ቢሊ ሌቦቹን ፊቱ ላይ እንዲተኩሱበት ሲጠይቁ በጣም ሳቅሁ። ትልቅ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ቢሊ ቁመቱ ረዘመ እንጂ ዕድሜው አልጨመረም። እኔም ፎንቆ ክፍል የተከራየሁ ዕለት እናቴ አሁን ትልቅ ሰው ነህ አለችኝ። የሳቅሁት እርሱን አስታውሼ ነው። ቢሊ እናቱን ያገኘ ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም። የሚተረጕምልን ልጅ ዝም አለ። ቀጥል ያለውም የለም።»

ስለ እናቱ የተጠቀሰው እንዲህ ነው። ቢሊ ዘመኑን ሁሉ የፈለጋት እናቱ በመጨረሻ ስትገኝ፣ በልጅነቱ በባዛር ውስጥ የጠፋባት ሳይሆን ከፖሊሶች ጋር አይታው ትታው የሄደች መሆኗን ትነግረዋለች። በዚያን ጊዜ እርሷ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። ቀልደኛ በሆነ ፊልም መካከል ይህ ትዕይንት ሲመጣ ተመልካቹ ሳያስበው ይያዛል።

ከምንባቡ ውስጥ «ቁመቱ ረዘመ እንጂ ዕድሜው አልጨመረም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ልብ ብላችሁ እዩት። «እንጂ» የምትባለው መስተጻምር ከፊቷ ያለውን ትቀበላለች፤ ከኋላዋ ያለውን ትከለክላለች። ተማሪው በዚህ ፈንታ «ቁመቱ ቢረዝምም ዕድሜው ዐሥራ አራት ነው» ሊል ይችል ነበር፤ ሐሳቡ አይለወጥም። ነገር ግን «እንጂ» ሁለቱን ፊት ለፊት አቁማ ታጋጫቸዋለች፤ የፊልሙ ሳቅ ሁሉ የሚፈልቀውም ከዚያ ግጭት ነው። ጐልማሳው መብረቅ እያሳየ በአደባባይ ገንዘብ ሲሰበስብ፣ ባለማስተዋል አውቶቡስ ከድልድይ ሊጥል ደርሶ ራሱ ሲይዘው፣ ጠላቱ ዶክተር ሲቫና ከሩቅ ሆኖ ረጅም ዛቻ ሲያወርድ እርሱ አንድም ቃል ሳይሰማው ሲቀር፣ ያቺው «እንጂ» በየቦታው አለች።

አንድ ነገር ተርጓሚው ልጅ ሊያሻግረው አልቻለም፤ የእርሱም ጥፋት አይደለም። «ሻዛም» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስድስት ሆሄያት አሉት። እያንዳንዱ ሆሄ የአንድ ጥንታዊ ባለዝና ስም መነሻ ነው፤ ሰሎሞን፣ ሄርኩለስ፣ አትላስ፣ ዜውስ፣ አኪለስና ሜርኩሪ። ከስድስቱ ቀዳሚው ጥበቡን የሚሰጠው ሰሎሞን፣ ከንግሥተ ሳባ ታሪክ ጋር ሁላችሁም የምታውቁት መሆኑ ነው። በእኛ ፊደል ግን ቃሉ ሦስት ሆሄያት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ መነሻውም «ሻ» እንጂ «ሰ» አይደለም። ለዚህ ነው ትርጕም ያጠፋውን ነገር ጸሐፊው በአንዲት ዐረፍተ ነገር ሊመልሰው የሚችለው።

ሁለተኛውን ድርሰት «የትምህርት ጥቅም» በሚል ርእስ ሰጠሁ። ያው ተማሪ አንድ ገጽ አመጣ። ሥርዐተ ነጥቡ አልተጓደለም፤ «ከዚያ» የሚል ቃልም አልነበረበትም። ዘጠኝ ልሰጠው ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ፣ ጽሑፉን ማን እንደ ጻፈው ስሙን ሳላይ ልለይ እንደማልችል ተረዳሁ። ከአርባው ወረቀት ማንኛውም ሊሆን ይችል ነበር። የመጀመሪያውን ደብተር እንዲያመጣልኝ ለመንኩት፤ ሦስተኛውን ገጽ ያነበብኩት በዚያን ቀን ነው። በቀይ የጻፍኩትንም ራሴ ሰረዝኩት፤ እርሱ ግን ከዚያ ወዲያ ስለ ፊልም አልጻፈልኝም።

ቀላልና አሳቂ የሆነን ነገር መናቅ በአገራችን የቆየ ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበረ ከታሪክ እናውቃለን። ዛሬ ሥዕላዊ መጽሔትና የልዕለ ኀያላን ታሪክ ከእኛም ወጥተዋል፤ ብስራት ደበበ «ጀምበር» የተሰኘውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኀያል እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለአንባቢ አቅርቧል። እርሱን ብታገኙት ደግሞ ትርጕም የሚያጠፋባችሁ ነገር አይኖርም።

መልመጃ

ሀ) ያያችሁትን አንድ አሳቂ ፊልም ምረጡ። ታሪኩን በአምስት መስመር ብቻ ጻፉ፤ «ከዚያ» እና «አሪፍ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ።

ለ) ከፊልሙ ውስጥ ያሳቃችሁን አንድ ትዕይንት ምረጡና «አሳቀኝ» በሚለው ግሥ የሚያልቅ ዐረፍተ ነገር ሥሩ። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ከሥሩ አስምሩበት።

ሐ) «እንጂ» የሚለውን መስተጻምር ተጠቅማችሁ ስለ ዋናው ባለታሪክ (በሰፈራችሁ አነጋገር ስለ «አክተሩ») ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።

መ) ፊልሙን ስታዩ አጠገባችሁ የነበሩት ሰዎች ዝም ያሉበትን ጊዜ አስታውሱ። ምን እየታየ ነበር? በአንድ አንቀጽ ግለጹ። መምህራችሁ ይህን አንቀጽ በቀይ ቀለም አያርመውም።