የድርቆሽ እውነተኛ ዋጋ፦ ቤል መስክ ላይ ዘርግቶ ማብላት እንዴት ያዋጣል?



ዛሬ የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን ትምህርት ይዤ ነው የመጣሁት። የድርቆሽ ዋጋ በለጠፍን ቁጥር በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «አሁን ልግዛ ወይስ እስኪቀንስ ልጠብቅ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ብዙዎቻችን ለአንድ ቤል 20 ብር ስንከራከር ውለን፣ የገዛነውን ድርቆሽ በላሞች እግር ሥር እናስረግጠዋለን። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ከገበያ በኋላ ያለውን ዋጋ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲቀሉ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደሉም። እናንተ የራሳችሁን አስገቡበት።

አንድ ቤል 12 ኪሎ ይመዝናል፣ ዋጋው 240 ብር ነው እንበል። ኪሎው 20 ብር መጣ። 400 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ላም በድርቆሽ ብቻ ብትቀለብ በቀን 11 ኪሎ አካባቢ ትበላለች። 10 ላም ያለው ሰው በቀን 110 ኪሎ ሆዳቸው ውስጥ መግባት አለበት ማለት ነው።

👉 ከሚሰጠው 10 በመቶ ከባከነ፦ 122 ኪሎ መግዛት አለበት፤ በቀን 2,444 ብር።
👉 30 በመቶ ከባከነ፦ 157 ኪሎ መግዛት አለበት፤ በቀን 3,143 ብር።

ልዩነቱ በቀን 700 ብር ያህል ነው። በ90 ቀን 63 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ስንጠብቀው የከረምነው የ20 ብር ቅናሽ ቢመጣ ግን ለዚሁ ሰው የሚያድንለት እንደ ብክነቱ በቀን ከ200 እስከ 260 ብር ገደማ ነው። እንግዲህ የትኛው ላይ ነው መድከም ያለብን?

ድርቆሽ የሚባክነው የት ነው?

ላም የረገጠችውን፣ የተኛችበትንና እበት የጣለችበትን ሳር አትበላም። ቤሉ አንድ ቦታ ተከምሮ ሲሰጥ ጉልበተኞቹ ከፊት ይቆማሉ፣ ደካሞቹ ዙሪያውን ይጋፋሉ፣ የላይኛው ሲበላ የታችኛው ጭቃ ይሆናል። የሦስት አራት ቀኑን ባንድ ጊዜ አውርዶ መሄድ ደግሞ የባሰ ነው፤ የጠገበች ላም ድርቆሹን መኝታ ታደርገዋለች።

በአሜሪካና በካናዳ ከብት አርቢዎች የሚጠቀሙት ትልልቅ ክብ ቤሎችን ነው። አንዱ ብቻ ከ400 እስከ 600 ኪሎ ይመዝናል። እዚያ ብዙ አርቢ ክቡን ቤል በትራክተር እንደ ምንጣፍ እየተረተረ መስኩ ላይ ይዘረጋዋል፤ ላሞቹም በረድፍ ቆመው ይበላሉ። የእነሱ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚያስተምሩት ዋና ነገር፣ መሬት ላይ የሚሰጥ ድርቆሽ የአንድ ቀን ብቻ ሲሆን ብክነቱ ከ10 በመቶ ብዙም እንደማይርቅ፣ የሳምንቱ ባንድ ጊዜ ከተቀመጠ ግን እስከ 40 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ነው። ድርቆሹ ያው ነው፣ ላሞቹም ያው ናቸው። የተለየው አሰጣጡ ነው።

እኛ ጋ፣ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሰንዳፋና በሆለታ አካባቢ የምናውቀው አራት ማዕዘኑን ትንሹን ቤል ነው። ትራክተር አይፈልግም፣ በእጅ ይፈታል። ዘዴው ግን እንዳለ ይሠራል።

«ገንዳ አይሻልም ወይ?»

ለድርቆሹ ብቻ ካሰብን፣ አዎ ይሻላል። ጥሩ መመገቢያ ገንዳ ብክነቱን ወደ 5 እና 6 በመቶ ሊያወርደው ይችላል። የግጦሽ መሬት የሌላችሁ፣ ከተማ ውስጥ በረት ይዛችሁ የምታረቡ፣ ገንዳችሁን አጠናክሩ፤ ይሄ ትምህርት ለእናንተ አይደለም።

የግጦሽ መሬት ላለው ግን ሌላም ሒሳብ አለ። ገንዳው መስክ ላይ አንድ ቦታ ከከረመ ዙሪያው አረንቋ ይሆናል፣ ሳሩ ከሥሩ ይጠፋል፣ እበቱና ሽንቱም እዚያው ይከማቻል። ቦታ እየቀያየሩ ሲዘረጋ ደግሞ ማዳበሪያው በመሬቱ ላይ ይዳረሳል። 6 በመቶ ፕሮቲን ያለው አንድ ቶን ድርቆሽ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ናይትሮጅን አለው። የ10 ላሞቹ የ90 ቀን ቀለብ 10 ቶን ያህል ነው፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ካለው ጋር ይቀራረባል። የተወሰነው ወተት ይሆናል፣ የተወሰነው በአየር ላይ ይተናል፣ አብዛኛው ግን በእበትና በሽንት ይወጣል። እበቱ ለኩበት ቢለቀም እንኳን ሽንቱ ለመሬቱ ይቀራል። ድርቆሽ ከውጭ ገዝታችሁ መስካችሁ ላይ ስታበሉ፣ ከሌላ ሰው መሬት የወጣ ማዳበሪያ ወደ እናንተ እየገባ ነው።

አዘረጋጉ

1. የአንድ ቀን ብቻ። ከተቻለ ለሁለት ከፍላችሁ፣ ግማሹን ጠዋት ከአለባ በኋላ ግማሹን ከሰዓት ስጡ። በማግስቱ ስትመጡ ብዙ የተረፈ ካለ መጠኑን ቀንሱ። ምንም የተረፈ ከሌለና ላሞቹ የሚጮኹ ከሆነ ጨምሩ።

2. በረጅም መስመር፣ ሳሳ አድርጎ። ለአንድ ላም ሁለት እርምጃ ያህል ቦታ አስቡ። ሁሉም እኩል ሲደርሳቸው ጉልበተኛዋ ደካማዋን አታባርራትም። ክምሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ ከሆነ ሥሩ ያለው ሳር ይታፈናል፤ በሚቀጥለው ክረምት ቦታው ራሰ በራ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

3. በየቀኑ አዲስ ቦታ። ከትናንቱ መስመር ጎን ሃያ ሠላሳ እርምጃ ፈቀቅ በሉ። ጀምሩ ከተራቆተው ቦታ፤ እበቱም ከድርቆሹ የሚረግፈው ዘርም እዚያ ነው የሚፈለገው።

4. ተዳፋት ላይ አግድም። መስመሩ ወደ ታች ከወረደ ዝናብ ሲመጣ እበቱን ጠርጎ ይወስደዋል። ከወንዝና ከምንጭም ራቁ። ክብ ቤል የሚጠቀም ካለ ደግሞ ተዳፋት ላይ ፈጽሞ ቁልቁል እንዳያዞረው፤ ግማሽ ቶን የሚንከባለል ነገር ሰው ይገድላል።

5. ሲባጎውን ቁጠሩ። ላሞቹ ከመግባታቸው በፊት ሁሉም ሲባጎ እጃችሁ ላይ ይሁን። በአንድ ቤል ሁለት ከሆነ፣ 10 ቤል ስትፈቱ 20 ሲባጎ መያዝ አለባችሁ። የተዋጠ ሲባጎ ሆድ ውስጥ እየተጠላለፈ ይከማቻል፤ ላሟን እስከ መግደል ይደርሳል። በሽቦ የታሰረ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

6. የሻገተውን አትዘርጉ። ስትፈቱት አቧራ የሚያቦንና የሚሸት ከሆነ ለዩት። ከቆላና ከወይና ደጋ የመጣ ድርቆሽ ከሆነ ደግሞ ፓርቲኒየም የሚባለው ቅንጨ አረም እንዳለበት እዩ። እሱን መስክ ላይ መዘርጋት አረም መዝራት ነው፤ ለብዙ ዓመት አይለቃችሁም።

መቼ አይዘረጋም?

መሬቱ ሲርስ። ይቺን አስምሩባት። በጥቁር አፈር ላይ፣ በተለይ የበልግ ዝናብ ሲጀምር፣ የላም ኮቴ ሰርስሮ ይገባል፣ የሳሩን ሥር ይቆርጣል፣ አፈሩንም ይጠቀጥቀዋል። በሁለት ቀን የተበላሸ መስክ በመጪው ጥቅምትና ኅዳር የሚታጨደውን ሳር ይቀንሳል። ያን ጊዜ የጎደለውን ከገበያ የምትገዙት እናንተው ናችሁ። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ላሞቹን ወደ በረት ወይም ድንጋይና ጠጠር ወደ ለበሰ አንድ ጥግ አስገቡና በገንዳ አብሉ። ኮቴው አፈሩ ላይ እንደ ማኅተም ጠልቆ የሚታይ ከሆነ ገና ነው፤ ጠበቅ አድርጉ።

ወደ ገበያው ስንመለስ

«ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?» ለሚለው የእኔ መልስ ይሄ ነው። መጀመሪያ አምስት ቤል መዝኑና አማካዩን ያዙ፤ ቤል ሁሉ እኩል አይደለም፣ ዋጋ የሚነጻጸረው በኪሎ ነው። ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት የሰጣችሁትን መዝግቡ፣ የተረፈውንና የተረገጠውን ሰብስባችሁ መዝኑ። የገዛችሁበትን የኪሎ ዋጋ ላሞቹ በትክክል ለበሉት ድርሻ አካፍሉት። 20 ብር የገዛችሁት 28 ብር ከሆነባችሁ፣ መፍትሔው ያለው ነጋዴው ጋ ሳይሆን መስካችሁ ላይ ነው።

የሳምንቱን መዝገብ የሠራችሁ ውጤቱን ላኩልኝ፤ ስም ሳልጠቅስ አንድ ላይ እናየዋለን። በሚቀጥለው የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ዋጋ ይዤ እመለሳለሁ። ላም ለሚያረባ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።

መልካም ገበያ!