ማሕፀንን የሚመግቡት ደም ሥሮችና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የደም መፍሰስ

የያዕቆብ ሚስት ራሔል ብንያምን ስትወልድ በመንገድ ላይ እንደ ሞተች፣ በኤፍራታም መንገድ እንደ ተቀበረች ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 35 ይተርካል። ምጥ እንደ ጸናባት ከመናገር በቀር መጽሐፉ የሞቷን መንሥኤ አይገልጥም። ዛሬ እናቶችን በወሊድ ጊዜ የሚገድሉት ነገሮች ግን ተለይተው የታወቁ ናቸው፤ ከነዚህም ቀዳሚው ደም መፍሰስ ነው።

በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ከግማሽ በላይ መቀነሱ የሚያስመሰግን ነው። በፎገራ ሜዳ የምንኖር ግን የራሳችን የሆነ ችግር አለብን። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ወደ ጣና ሲገቡ፣ በክረምት ከወሰናቸው አልፈው ሩዙንም መንገዱንም ያለብሳሉ። እንደ ናበጋና ዋገጠራ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖር ሰው በነሐሴ ወር ወደ ወረታ ለመድረስ በጭቃና በውኃ ውስጥ መጓዝ ግድ ይሆንበታል። ምጥ ደግሞ መንገዱ እስኪደርቅ አይጠብቅም። ስለዚህ ደሙ ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን በዚያ ፍጥነት እንደሚፈስና ምን እንደሚያቆመው ማወቅ የሐኪም ሥራ ብቻ ተብሎ የሚተው አይደለም።

የሆድና የዳሌ ደም ወሳጅ ሥሮች

ደምን ከልብ ወደ አካል የሚያደርሱት ሥሮች ደም ወሳጅ፣ ወደ ልብ የሚመልሱት ደም መላሽ ይባላሉ። በመስኖ የሚያለማ ገበሬ የደም ወሳጆችን ሥርዓት ለመረዳት አይቸገርም። ከልብ የሚነሣው ትልቁ ደም ወሳጅ፣ ሐኪሞች አኦርታ የሚሉት፣ እንደ ዋና ቦይ ነው። ደረትንና ሆድን የሚለየውን የጡንቻ ግድግዳ አልፎ ወደ ሆድ ይገባል፤ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ለፊት፣ ጥቂት ወደ ግራ አዘንብሎም ቁልቁል ይወርዳል። ስፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ከዚህ ዋና ቦይ የመጀመሪያው ትልቅ ቅርንጫፍ ለጨጓራ፣ ለጉበትና ለጣፊያ ይከፈላል። ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚነሣው ሁለተኛው ትንሹን አንጀትና የትልቁን አንጀት መጀመሪያ ክፍል ይመግባል። ከዚያ በግራና በቀኝ ወደ ኩላሊቶች የሚሄዱት ሁለት ወፍራም ሥሮች ይከተላሉ። ኩላሊቶች በመጠናቸው ትንሽ ቢሆኑም ልብ ከሚረጨው ደም አምስተኛውን ያህል ይወስዳሉ። ከእነርሱ በታች ሁለት ቀጫጭን ሥሮች ተነሥተው፣ በሴቶች ረጅም መንገድ ተጉዘው እስከ እንቁላል ዕጢዎች ይደርሳሉ። የመጨረሻው ቅርንጫፍ ለትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ነው።

በእምብርት አካባቢ ሲደርስ ዋናው ቦይ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱም ዳሌ ጋ ደርሰው እንደ ገና ለሁለት ለሁለት ይከፈላሉ። የውጪኛው ወደ ጭንና ወደ እግር ይወርዳል፤ የውስጠኛው በዳሌ ውስጥ ቀርቶ ፊኛን፣ የትልቁን አንጀት መጨረሻ፣ መቀመጫንና ማሕፀንን ያጠጣል። ማሕፀን ግን ደም የሚያገኘው ከዚህ ብቻ አይደለም። ወደ እንቁላል ዕጢዎች የወረዱት ቀጫጭን ሥሮች በማሕፀን ጎን ከዋናዎቹ የማሕፀን ሥሮች ጋር ይገናኛሉ። አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሌላው ይደርስለታል ማለት ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ደም ለማቆም በግራና በቀኝ ያሉትን የማሕፀን ሥሮች ሊቋጥር የሚችለውና ማሕፀኑ ሳይሞት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

እርጉዝ ባልሆነች ሴት ወደ ማሕፀን የሚሄደው ደም ጥቂት ነው። በእርግዝና መጨረሻ ግን በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር ይደርሳል። በሱቅ የሚሸጠውን ግማሽ ሊትር ውኃ የሚይዝ የላስቲክ ጠርሙስ አስቡ፤ በየደቂቃው አንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የአንዲት እርጉዝ ሴት ጠቅላላ ደም ስድስት ሊትር ያህል ነው።

ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ

የማሕፀን ሥሮች በማሕፀን ግድግዳ ውስጥ ገብተው እየቀጠኑ፣ እየተጠማዘዙም ይሄዳሉ፤ መቶ ያህል የሚሆኑት የእንግዴ ልጁ ካረፈበት ቦታ ላይ ይከፈታሉ። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሌላ ደም ወሳጅ ሥር በግድግዳው ላይ የራሱ ጡንቻ ስላለው ሲቆረጥ ይኮማተራል። የእነዚህ ሥሮች ጫፍ ግን ለሕፃኑ በቂ ደም እንዲያሳልፍ በእርግዝና ወራት ጡንቻውን አጥቶ ሰፊ አፍ ሆኗል። በራሱ መዘጋት አይችልም።

በአንድ ሰበካ ይህን ትምህርት ስሰጥ አንድ አረጋዊ ቄስ «የሚፈሰው ደም የማን ነው? የሕፃኑ ነው ወይስ የእናቲቱ?» ብለው ጠየቁኝ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል። የእናትና የሕፃን ደም በእንግዴ ልጁ ውስጥ ጎን ለጎን እየሄደ ምግብና አየር ይለዋወጣል እንጂ አንዱ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው የእናቲቱ የራሷ ደም ነው፤ ከልቧ በአኦርታ ወርዶ፣ ከላይ በዘረዘርነው መንገድ የመጣ። «የወሊድ ደም ነው፣ ቆሻሻው ይውጣላት» የሚለው አነጋገር ስለዚህ አደገኛ ነው። ጥቂት ደም መፍሰሱ የተለመደ ቢሆንም፣ ከግማሽ ሊትር ካለፈ በሕክምና አደጋ ተብሎ ይመዘገባል።

ታዲያ አብዛኞቹ እናቶች እንዴት ይድናሉ? ገበሬ ቦይን በጭቃ ይደፍናል። ማሕፀን ግን ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አለው። ግድግዳው እርስ በርሱ በተጠላለፈ ጡንቻ የተሠራ ነው፤ ሥሮቹም በጡንቻው መካከል ሾልከው ያልፋሉ። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ማሕፀኑ አጥብቆ ይኮማተርና እያንዳንዱን ሥር እንደ ቋጠሮ ያንቃል። የረጋ ደም የሚያግዘው ከዚያ በኋላ ነው። ጥሩ አዋላጅ ከእምብርት በታች ሆድን የምትዳስሰውም ማሕፀኑ እንደ ኳስ ጠንክሮ እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። ለስላሳ ከሆነ ቋጠሮው አልጠበቀም።

ማሕፀን የማይኮማተርባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ረጅም ምጥ ያደከመው፣ መንትያ የለጠጠው፣ ብዙ ጊዜ የወለደ ማሕፀን ይሰንፋል። የሞላ ፊኛም መኮማተሩን ያውከዋል፤ ሽንት ማስወጣት ብቻ የሚረዳበት ጊዜ አለ። የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ውስጥ ከቀረም ሥሮቹ ክፍት ይሆናሉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ሕክምና ያስፈልጋል፤ እትብቱን ጎትቶ ለማውጣት መሞከር ማሕፀኑን ሊገለብጠው ይችላል።

እያወራች ነው ብሎ መዘናጋት

ሰውነት ደም ሲጎድልበት እንደ ብልህ የውኃ አባት ይሠራል። ውኃ ሲያንስ የውኃ አባት ለየትኛው ማሳ ቀድሞ እንደሚለቅ ይወስናል፤ ሰውነትም ለልብና ለአንጎል ሲል ወደ ቆዳ፣ ወደ አንጀትና ወደ ኩላሊት የሚሄዱትን ቅርንጫፎች ያጠባል። ስለዚህ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ፊት ይገረጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ የልብ ምት ይፈጥናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሴቲቱ እያወራች ሊሆን ይችላል። ቤተሰብም «ደህና ናት፣ እያናገረችን ነው» ይላል። በእርግዝና ደሟ ስለ ጨመረ ወጣትና ጤናማ ሴት አንድ ሊትር ያህል እስክታጣ ድረስ ምልክቱን ላታሳይ ትችላለች፤ ስትዝል ግን በድንገት ነው። ክፉኛ የምትደማ እናት ሕክምና ካላገኘች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

አስቀድሞ ደም ያነሳት ሴት ይህ ጊዜም የላትም። በሜዳችን ወባ አለ፣ የመንጠቆ ትልም አለ፤ ሁለቱም ደም ያሳንሳሉ። በጾም ጉዳይ ላይ አባቶች ከእኔ ይልቅ ያውቃሉና እንዳስተምር አይጠበቅብኝም። ይሁን እንጂ እርጉዝ እናት ራሷ ሳትጠይቅ የንስሐ አባቷ አስቀድሞ ቢያነጋግራት ይሻላል፤ ብዙዎቹ ፈቃድ መጠየቅን እንደ ድካም ቆጥረው ዝም ይላሉና። ጤና ኬላ የሚሰጠውን የብረት ማዕድን እንክብልም እንድትውጥ ይምከራት።

ባለሙያ ምን ያደርጋል?

በጤና ተቋም ለወለደች እናት ሁሉ፣ ሕፃኑ እንደ ተወለደ ማሕፀንን የሚያኮማትር ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ ይሰጣታል። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በየቤቱ አይቀመጥም። ሚሶፕሮስቶል የሚባለው እንክብል ግን ማቀዝቀዣ አይሻም። ደም ከፈሰሰ ደግሞ አዋላጇ ማሕፀኑን ታሻለች፣ ፊኛዋን ታስወጣለች፣ የደም መርጋትን የሚያግዝ መድኃኒት ትጨምራለች።

ይህ ሁሉ ካልበቃ፣ ሐኪም እስኪደርስ ወይም እናቲቱ ወደ ሆስፒታል እስክትደርስ ድረስ ባለሙያዋ ጡጫዋን ከእምብርት በላይ ጥቂት ወደ ግራ አድርጋ ሆዱን ወደ ጀርባ አጥንት በኃይል ትጫናለች። በሌላ እጇ የጭንን የልብ ምት ትዳስሳለች። ምቱ ከጠፋ አኦርታው ከመከፈሉ በፊት ታፍኗል፣ ወደ ማሕፀን የሚወርደውም ደም ቀንሷል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ዘመድ ወላድ ሴት በጡጫ ስትጫን ሲያይ ይደነግጣል፤ እጇን የሚይዝም አይጠፋም። በአምቡላንስ ውስጥ ይህን ካያችሁ ተዉአት፣ ትጫን።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከጎጆ እስከ አስፋልቱ ያለው ነው።

የሰበካ ጉባኤ ሥራ

ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚወልዱትን እናቶች ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሆኖ በግንቦት መለየት ይቻላል። መንገዳቸው በውኃ የሚቆረጥባቸው የመውለጃቸው ጊዜ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ ቢሄዱ ከሁሉ ይሻላል። እዚያ የማይሄዱበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ቤት የሚጠብቅና ልጆች የሚያበላ ሰው ማጣት ነው፤ ማኅበርተኛና ጎረቤት ይህን ሊሸፍን ይችላል። ለማቆያው የገንፎ እህልና ቅቤ ማዋጣትም ከሰበካው አቅም በላይ አይደለም። ለቀሩት ደግሞ ቃሬዛው የት እንደሚቀመጥ፣ ታንኳው የማን እንደ ሆነ፣ በሌሊት የሚጠራው ማን እንደ ሆነ በስም ይጻፍ።

ከቃሬዛው ጋር ደም መስጠት የሚችሉ ሁለት ጤነኛ ሰዎች አብረው ይሂዱ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደታቸውም ከ45 ኪሎ ያላነሰ ይሁን፤ ባለፉት ሦስት ወራት ደም ሰጥተው ከሆነ ሌላ ሰው ይተካ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለዚህ ተራ ቢገቡ መልካም ነው። ደም የሚሰጥ ሰው ባዶ ሆዱን መሆን የለበትምና፣ በጾም ቀን ተረኛ የሆነው ወጣት ምን ማድረግ እንዳለበት የንስሐ አባቱ አስቀድሞ ይንገረው።