የሆት ተብ ክዳንና ከሥሩ ያለው ውሃ

የሆት ተብ፣ ማለትም ሰው የሚዘፈዘፍበት የሞቀ ውሃ ገንዳ፣ ክዳን ውሃ አያጸዳም። ትምህርታችንን ከዚህ መጀመር አለብን፤ ብዙ ቤተሰብ ክዳኑን ዘግቶ ሲገባ ውሃውን ለታማኝ ዘበኛ አደራ የሰጠ ይመስለዋልና። የክዳን ሥራው ሌላ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ይከለክላል፣ ከውስጥ የሚወጣውን ያስቀራል። ሲያስቀር ግን ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም። መለየት የባለቤቱ ፈንታ ነው።

በፀሐይ እንጀምር። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈጠረው ዋናው ጀርም ገዳይ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይባላል፤ ደካማ አቻው ደግሞ ሃይፖክሎራይት ነው። ሁለቱም የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር አይችሉም። ጨረሩ ሰባብሮ ጀርም ወደማይነካ ተራ ክሎራይድ ይለውጣቸዋል። ብራ በሆነ ቀን ተከፍቶ የዋለ ውሃ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ክሎሪኑን ሊያጣ ይችላል። በመዋኛ ገንዳ ይህን ለመከላከል ሳይኑሪክ አሲድ ይጨመራል። ለሆት ተብ ግን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል አይመክረውም፤ ክሎሪኑን ከፀሐይ ሲጋርድ የመግደል ፍጥነቱንም ያዘገያል። እንግዲህ የሆት ተብ ትክክለኛ ጥላ ክዳኑ ነው። ምንም ኬሚካል ሳይጨምር ክሎሪኑን ያቆያል።

አሁን ቀስ ብለን ልናየው ወደሚገባው ወደ ፒኤች፣ ማለትም ወደ ውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ እንለፍ። በውሃው ውስጥ የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፤ ሲሟሟም አሲድ ይሆናል። የአምቦ ውሃ ቆርኪው ተከፍቶ ሲቆይ ጋዙ እየወጣ ቆምጠጥ የሚለው ጣዕሙ እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። በሆት ተብም እንዲሁ ነው፦ ጋዙ ሲወጣ አሲዱ ይቀንሳል፣ ማንም ምንም ሳይጨምር ፒኤቹ ከፍ ይላል። ውሃውን በግፊት የሚረጨው የጄቱ አረፋ ደግሞ ያፋጥነዋል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ውሃ የሚይዘው የጋዝ መጠን ከላዩ ባለው የዚያው ጋዝ ግፊት ልክ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ጋዙ በውሃውና በክዳኑ መካከል ይጠራቀማል፤ የወጣው እየተመለሰ ይገባል፤ የፒኤቹም አወጣጥ ይዘገያል። ይዘገያል እንጂ አይቆምም፤ ክዳን እንደ ጠርሙስ አጥብቆ አይዘጋም።

ይህ ለምን ያስጨንቀናል? ፒኤቹ 7.5 አካባቢ ሲሆን ከነፃው፣ ማለትም ገና ከቆሻሻ ጋር ካልተዋሐደው፣ ክሎሪን ግማሽ ያህሉ ኃይለኛው ሃይፖክሎረስ አሲድ ነው። 8 ሲደርስ ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። መለኪያው ያው ክሎሪን እንዳለ ይናገራል፤ ጉልበቱ ግን ከድቷል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ክሎሪን ይደራርባል፤ ውሃው የሚፈልገው ግን ፒኤች መቀነሻ ነው። ፒኤቹ ደጋግሞ ከወጣባችሁ አልካሊኒቲውን፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን፣ ለኩ፤ እሱ ሲበዛ ለመውጣት የሚጠባበቀው ጋዝም ይበዛል።

ክዳኑ የሚያስቀረው ክፉ ነገር ደግሞ ይህ ነው። ላብና ሽንት ከክሎሪን ጋር ሲገናኙ ክሎራሚን ይፈጠራል። ዓይን የሚያቃጥለውና ሰው «ክሎሪኑ በዛ» የሚልበት ሽታ ከእርሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያመለክተው ነፃው ክሎሪን ማነሱን ነው። አንዳንዱ ክሎራሚን ወደ አየር መውጣት ይወዳል። ክዳን ሲዘጋበት መውጫ ያጣል፤ የክዳኑንም የውስጥ ሽፋን እየበላ ያደርቀዋል። ስለዚህ ውሃው ሾክ ሲደረግ፣ ማለትም ቆሻሻውን የሚያቃጥል ብዙ ክሎሪን ሲጨመርበት፣ ክዳኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ተከፍቶ ጄቱ ይሥራ። ፀሐይ ያንኑ ክሎሪን እንዳትበላው ግን ይህ ሥራ ለምሽት ይቆይ። አረፋው ፒኤቹን ከፍ ስለሚያደርገው ሲያበቃ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ትነትንም ክዳን ይገታል። ውሃ ሲተን ካልሲየሙና ጨዉ ይቀራሉ፤ የጎደለው በቧንቧ ውሃ ሲሞላ ሌላ ካልሲየም ይጨመራል፤ ቀስ በቀስም ማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምናገረው ስለ ጉዞ፣ ማለትም ገንዳው ተከድኖ ብቻውን ስለሚሰነብትበት ጊዜ ነው። ክሎሪን በጨለማም ቢሆን በሙቀቱና በቀረው ቆሻሻ ምክንያት ያልቃል። ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ በተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ በደረሰው የሳንባ ምች ወረርሽኝ የታወቀው፣ በ25 እና በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል በሚገባ ይራባል። ክሎሪኑ ያለቀበት፣ ተከድኖ የሞቀ ውሃ ይመቸዋል። በሽታው በብዛት የሚይዘው ውሃውን በመንካት ሳይሆን ጄቱ የሚረጨውን ጉም በመተንፈስ ነው። ስለዚህ ከሰነበታችሁበት ስትመለሱ ጄቱን ከማስነሣታችሁ በፊት ለኩ። ነፃው ክሎሪን ቢያንስ 3 ሚሊግራም በሊትር፣ ፒኤቹም በ7.0 እና በ7.8 መካከል ካልሆነ ማንም አይግባ፤ በተለይ አረጋውያን፣ አጫሾችና ሳንባቸው የታመመ ሰዎች በአጠገቡም አይቀመጡ። ክሎሪኑ ጨርሶ ጠፍቶ ውሃው ከደፈረሰ ደግሞ ደፍቶ፣ ገንዳውን ፈትጎ በአዲስ ውሃ መሙላት ይሻላል።