ማከክና ማሳከክ

ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ምክንያትና ውጤት በገላጭ ድርሰት

በዚህ ትምህርት የምናጠናው፣ አንድ ጸሐፊ በዐይኑ ያየውን ነገር በዐይኑ ካላየው ምክንያት ጋር እንዴት አድርጎ በትክክል እንደሚያያይዝ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው ጉዳይ ከብዙዎቻችሁ ቤት የማይጠፋውን እንስሳ፣ ድመትን፣ የሚመለከት ነው። ምንባቡን በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡት። ለሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ «ስለ»፣ «የተነሣ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ከ… በኋላ» የሚሉት ቃላት የሚገኙባቸውን ዐረፍተ ነገሮች በደብተራችሁ ጻፉ።

ምንባብ

የጎንደር ሰው ድመት የሚያኖረው ስለ አይጥ ነው። በደባርቅና በዳባት ደጋ ገብሱና ስንዴው በጎታ በሚቀመጥበት ቤት ድመት ከሌለች ባለቤቱ እህሉን ከአይጥ ጋር ይካፈላል። በከተማው ውስጥ ግን፣ በተለይም በፎቅ ቤት የሚኖሩ ቤተሰቦች እየበዙ ከመጡ ወዲህ፣ አይጥ ሳትይዝ ለወዳጅነት ብቻ የምትኖር፣ ከደጅም የማትወጣ ድመት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለችው ድመት ከመኪናና ከውሻ ትጠበቃለች። ከማሳከክ ግን አትጠበቅም።

ሕመሙ ሲጀምር የቤቱ ሰው የሚያየው ማከክን አይደለም። ውሻ ሲያሳክከው በኋላ እግሩ ወለሉን እየደበደበ ስለሚያክ ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። ድመት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቷን ትልሳለች፤ መላስ ደግሞ የዘወትር ጠባይዋ ስለ ሆነ ማንም ልብ አይለውም። ከዚህም በላይ ሰው በሌለበት፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ጀርባ ተሸሽጋ ነው የምትልሰው። ምላሷ እንደ ሞረድ ሻካራ በመሆኑ ጠጕሩን ይቆርጠዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሆዷና የጭኗ ውስጥ ተመልጦ ይገኛል፤ የቤቱም ሰው «ጠጕሯ ረገፈ» ይላል።

ይህ አነጋገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። የረገፈ ጠጕርና የተቆረጠ ጠጕር አንድ አይደለም። በተመለጠው ስፍራ ላይ ጣት ሲያልፍ እንደ ታጨደ ገለባ የሚሻክር ከሆነ፣ ጠጕሩ በምላስ ተቆርጧል እንጂ አልረገፈም። በአንዳንድ ድመቶች ደግሞ መላጣ አይታይም፤ ነገር ግን አንገቷንና ጀርባዋን ሲዳብሷት እንደ ዳጉሳ ፍሬ የደቀቁ ቅርፊቶች ለእጅ ይታወቃሉ። የፈረንጅ ሐኪሞችም ለዚህ ዐይነቱ የቆዳ መቆጣት የሰጡት ስም ዳጉሳን ከሚመስል ጥቃቅን እህል ስም የተወሰደ ነው።

ታዲያ ያሳከካት ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ቁንጫ ነው። ቁንጫ ድመቷን የሚጎዳት በሚጠጣው ደም ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሲነክስ ከምራቁ ጋር የሚያስገባው ፕሮቲን የአንዳንዷን ድመት ሰውነት ያስቆጣል። ይህንን ሐኪሞች አለርጂ ይሉታል። እኛም «ቁስሉ ተቆጣ» እንደምንል «ቆዳዋ ተቆጣ» ብንል ነገሩን በሚገባ እንገልጸዋለን። ቆዳዋ የሚቆጣ ድመት ጥቂት ንክሻ ይበቃታል። ጎረቤቷ ያለችው ድመት ብዙ ቁንጫ ተሸክማ ምንም ሳትሆን፣ እሷ ከሁለትና ከሦስት ንክሻ በኋላ ሰውነቷን ስትልስ ልትሰነብት ትችላለች። እየላሰችም ቁንጫውን ስለምትውጠው በጠጕሯ ላይ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ «ቁንጫ አላየሁም» የሚለው ዐረፍተ ነገርና «ቁንጫ የለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። እርግጡን ለማወቅ ጠጕሯን በጥርሰ ደቃቅ ማበጠሪያ አበጥሮ የወጣውን ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ላይ ማራገፍ ነው። ብናኙ ሲርስ ቀይ ቡናማ ቀለም ካወጣ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙም የተፈጨ ደም ነው።

ከደጅ የማትወጣው ድመት ቁንጫ ከወዴት አገኘች የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ቁንጫ በሰው ልብስና ጫማ፣ በግቢው ውሻና በአይጥ ላይ ተሳፍሮ ይገባል። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከድመቷ ላይ እየረገፈ በምንጣፍ ሥር፣ በአጎዛ ጠጕር ውስጥ፣ በመደብ ስንጥቅ ይገባል፤ ትሉም ከዚያው አድጎ፣ ድር በመሰለ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በድመቷ ላይ የሚታየው ቁንጫ በቤቱ ውስጥ ካለው የቁንጫ ዘር እጅግ ጥቂቱ ነው። በዚህም የተነሣ ድመቷን ብቻ አክሞ ምንጣፉንና አጎዛውን በፀሐይ ሳያሰጡ፣ መኝታዋን በፈላ ውሃ ሳያጥቡ፣ ወለሉን ከየጥጉ ሳይጠርጉ፣ በግቢው ያሉትንም ሌሎች እንስሳት ሳያክሙ መቅረት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

የጎንደር ደገኛ ይህን ጉዳይ በድመት ባያውቀው በበጉ ያውቀዋል። በቀዝቃዛው ደጋ የሚኖር በግ በጠጕሩ ውስጥ ክንፍ አልባ የሆነ ደም መጣጭ ዝንብና ቅማል ይይዘዋል። በጉ ሰውነቱን በድንጋይና በአጥር ሲያሻሽ ይውላል። ታርዶ ሌጦው ለቆዳ ፋብሪካ ሲቀርብና ጠጕሩ ሲወገድ፣ ቆዳው ጕጥ ጕጥ ብሎ ይገኛል። የቆዳ ነጋዴዎች ይህንኑ ነውር «እከክ» ይሉታል። ጕጡ ተባዩ የነከሰበት ቀዳዳ አይደለም፤ ቆዳው በተባዩ ምክንያት የተቆጣው ቁጣ ነው። ተባዩ ከጠፋ በኋላ በጉ በሕይወት ሳለ ጥቂት ሳምንታት ቢያገኝ ቆዳው ይመለሳል። ድመቷም እንዲሁ ናት፤ ልዩነቱ የበጉ ጕዳት በብር ተቆጥሮ መታወቁ፣ የእሷ ግን ማንም ሳይቆጥረው መቅረቱ ነው።

ቁንጫው በሚገባ ጠፍቶ ማሳከኩ ካልተወ፣ በተለይም ፊቷንና አንገቷን የምታክ ከሆነ፣ ምግብ ይጠረጠራል። የሚያስቆጣት አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ምግብ ሳይሆን ዘወትር የምትበላው የከብት ሥጋ፣ ዓሣ ወይም ዶሮ ነው። ይህንንም ለማወቅ ሐኪሙ ከዚህ ቀደም በልታው የማታውቀውን አንድ ዐይነት ሥጋ ይመርጥና ቢያንስ ለ8 ሳምንታት ከእርሱ በቀር ምንም እንዳትቀምስ ያዝዛል። ከዚያም የቀድሞ ምግቧ ይመለስላታል፤ ማሳከኩ አብሮ ከተመለሰ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ በአገራችን የሚያጋጥም አንድ ጉዳይ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሐኪሙ ካዘዘው 8 ሳምንት የሚያንሰው በአንድ ቀን ብቻ ነው። በጾሙ ወራት በብዙ ቤት ሥጋና ወተት ስለሌለ የድመቷም ምግብ ይለወጣል። ማሳከኳ በዚያ ወቅት ቢቀንስ «ሥጋ ስላልበላች ዳነች» ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ጾሙ የሚውለው በበጋ ነው፤ የቁንጫ ትል ደግሞ እርጥበት ስለሚወድ በደረቅ ወቅት ብዙው ይሞታል። ደግሞም ድመት በጾም አይጥ መያዟን አትተውም። በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ነገር ከተለወጠ የትኛው ውጤቱን እንዳመጣው መለየት አይቻልም። ይሁንና ነገሩን ለሐኪም መንገር መልካም ፍንጭ ነው። ድመትን ሆን ብሎ ማስጾም ግን ይጎዳታል፤ ሥጋ በል እንስሳ በመሆኗ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ዐይኗና ልቧ ይታመማል። የሽሮ ወጥ ፍርፋሪም አይበጃትም፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ደሟን ያበላሻል።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ከጆሮዋ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ነገር የሚወጣ ከሆነ በጆሮዋ ውስጥ ጥቃቅን ተባዮች ሊኖሩ ይችላሉ። በክብ በክብ የተመለጠች ድመት ጭርት ሊኖርባት ይችላል፤ ጭርት ደግሞ ከድመቷ ወደ ልጆች ይተላለፋል። የቤት ትቢያና የሣር ብናኝም እንደ ሰው ሁሉ ድመትን ያስቆጣሉ፤ ነገር ግን እነዚህ የሚጠረጠሩት ሌላው ሁሉ ከተመረመረ በኋላ ነው። አንዳንድ ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው «አለርጂ ነው» ብሎ ያርፋል። «አለርጂ ነው» ማለት «ቆዳው ተቆጣ» ማለት እንጂ ማን እንዳስቆጣው መናገር አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ምክንያቱን ሳያውቁ መድኃኒት መቀባት ነው። በገጠሩ ለበግና ለከብት ተባይ የሚረጨው ዳያዚኖን በየቤቱ ይገኛል፤ «በጉን ካዳነ ድመቷን ምን ያደርጋታል?» የሚል አይጠፋም። ድመት ግን ትንሽ በግ አይደለችም። በሰውነቷ ላይ የፈሰሰውን ሁሉ ትልሰዋለች፤ ስለዚህ ለቆዳዋ የተሰጣት መድኃኒት ለሆዷም እንደ ተሰጣት ይቆጠራል። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም ውሻውን ሳይጎዳ ድመቷን ይገድላል፤ ምክንያቱም የድመት ጕበት ይህን ኬሚካል ቶሎ አፍርሶ ማስወገድ አይችልም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ትንቀጠቀጣለች፤ ከዚያም ትንዘፈዘፋለች። ነጭ ጋዝ ቆዳዋን ይልጠዋል፤ ስትልሰውም ሳንባዋን ይጎዳል። ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ እንኳ ድመትን ሊገድል ይችላል። ለድመት ተብሎ የተሠራ፣ በክብደቷ ተመዝኖ የሚሰጥ የቁንጫ መድኃኒት አለ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ በወረዳዎችም የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች አሉ። በሬና በግ በሚነዳበት ስፍራ ድመት ታቅፎ መቆም የሚያሳፍረው ሰው ይኖራል። ሐኪሙ ግን አያፍርም።

ሰዋስው፦ ባለቤቱ የተሰወረ ግሥ

«አከከ» የሚለው ግሥ ባለቤትም ተሳቢም አለው፤ «ድመቷ አንገቷን አከከች» እንላለን። ያከከችው እሷ ናት፤ ድርጊቱም በዐይን ይታያል። «አሳከከ» የሚለው ግሥ ግን ከዚህ ይለያል። «እጄን አሳከከኝ» ስንል ባለቤቱ ማን ነው? «እጄ» እንዳንል «ን» ተጨምሮበታል፤ ስለዚህ ተሳቢ ነው። «እኔ» እንዳንል ከግሡ መጨረሻ ያለው «ኝ» ተሳቢነትን ያመለክታል። ባለቤቱ በግሡ ውስጥ የተሰወረ፣ ስሙ ያልተጠራ አንድ ነገር ነው። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ራሴን አመመኝ» የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ «አሳከከኝ» ብሎ መናገር የሚችለው የተሰማው ብቻ ነው። ድመት ልትናገረው አትችልም። ስለ ድመት «አሳከካት» ስንል ያየነውን ሳይሆን ካየነው ተነሥተን የገመትነውን እየተናገርን ነው። «እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሣም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እንኳ ለድመት ሲሆን ጥፍሩን በምላስ ሳንለውጠው አይስማማም።

የሚከተለው ምልልስ በአንዲት አሮጊትና በአንድ የእንስሳት ሐኪም መካከል የሚደረግ ነው።

— ልጄ፣ ድመቴን አሳክኳታል፤ ጠጕሯም ረግፏል።
— ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እማማ?
— ከፍልሰታ ወዲህ ነው።
— ስታክ አይተዋታል ወይስ ስትልስ?
— ኧረ ልጄ፣ ከመሶቡ ኋላ ተደብቃ ስትልስ ነው ያየኋት።
— የቀቡዋት ነገር አለ?
— ጎረቤቴ የበግ መድኃኒት ሰጥታኝ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝና ተውሁት።
— እንኳን ተዉት፣ እማማ። አሁን ያምጧት፤ ጠጕሯን አብረን እናበጥረው።

መልመጃ

1. አሮጊቷ ከተናገሩት ውስጥ በዐይናቸው ያዩትንና የገመቱትን ለይታችሁ በሁለት ዐምድ ጻፉ።

2. «ከፍልሰታ ወዲህ ነው» የሚለው መልስ ጊዜን ያመለክታል ወይስ ምክንያትን? ሐኪሙ ከዚህ መልስ ምን ሊጠረጥር ይችላል? ስለ ክረምትና ስለ እርጥበት ከምንባቡ የተረዳችሁትን በመጠቀም አስረዱ።

3. የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች አንድ ጊዜ በ«ስለ»፣ አንድ ጊዜ በ«ከ… በኋላ» አያይዙ፤ የትኛው አያያዝ እውነት እንደሚሆንም ተናገሩ። (ሀ) ምንጣፉ በፀሐይ ተሰጣ፤ ቁንጫው ቀነሰ። (ለ) ጾሙ ገባ፤ የድመቷ ማሳከክ ቀነሰ። (ሐ) ድመቷ ፐርሜትሪን ላሰች፤ ተንቀጠቀጠች።

4. «ጠጕሯ ረገፈ»፣ «ጠጕሯ ተቆረጠ»፣ «ጠጕሯ ተመለጠ» በሚሉት መካከል ያለውን የትርጕም ልዩነት ግለጹ። ምክንያትን የማይናገረው፣ ስለዚህም ገና ያልመረመረ ሰው ሊጠቀምበት የሚገባው የትኛው ነው?

5. ድርሰት፦ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካለ አንድ እንስሳ ላይ ያያችሁትን የሕመም ምልክት ከ150 በማያንሱ ቃላት ግለጹ። በመጀመሪያው አንቀጽ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ «አሳከከው»፣ «አመመው» የሚሉትን ግሦች አትጠቀሙ። በሁለተኛው አንቀጽ ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች አስቀምጡ። በሦስተኛው አንቀጽ ከምክንያቶቹ አንዱን ለማረጋገጥ ወይም ውድቅ ለማድረግ በመጀመሪያ ምን እንደምትመለከቱ ጻፉ።