እጅም ይናገራል

ሰው አሳቡን ለባልንጀራው የሚገልጠው በአንደበቱ ብቻ እንዳይደለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ እጃችን በየዕለቱ ስንት ነገር እንደሚናገር ልብ ብለን አንመለከትም። በአገራችን ታናሽ ለታላቅ ዕቃ ሲያቀብል በሁለት እጁ ያቀብላል፤ ወይም በቀኙ ሰጥቶ በግራው የቀኝ ክንዱን ይደግፋል። በማዕድ ላይ ሳለ እንግዳ የመጣበት ሰው እጁ ወጥ የነካ በመሆኑ አንጓውን ለሰላምታ ይዘረጋል። አንዲት ቃል ሳትነገር አክብሮቱም ይቅርታውም ይታወቃል። ልጅ በአንድ እጁ ሲቀበል «በሁለት እጅህ!» የሚል ተግሣጽ የሚከተለው ስለዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ለተመልካች ሲባል ብቻ የሚደረግ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን በስልክ የሚነጋገር ሰው ማንም ሳያየው እጁን ያወናጭፋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ ማየት የተሳናቸው ልጆች፣ የሌላውን ሰው እጅ ከቶ አይተው ሳያውቁ፣ ሲናገሩ እጃቸውን እንደሚያንቀሳቅሱ ታይቷል፤ ያውም አድማጫቸው እንደ እነርሱ የማያይ መሆኑን እያወቁ! እንግዲህ እጅ የንግግር ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከአሳብ ጋር አብሮ የሚወጣ ነው።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ ፈረንሳዊው ካህን ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ ናቸው። በ18ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በፓሪስ መስማት ከተሳናቸው ሁለት እኅትማማቾች ጋር ተገናኙ። ካህኑ ልጆቹን በግድ ለማናገር ከመድከም ይልቅ ራሳቸው ተማሪ ሆነው የእጅ ምልክታቸውን አጠኑ፤ በዚያም ላይ የፈረንሳይኛን ሰዋስው የሚያሳዩ ምልክቶች ጨምረው እ.ኤ.አ. በ1760 ዓ.ም. ገደማ ያለ ክፍያ ማስተማር ጀመሩ። የምልክት ቋንቋን የፈጠሩት እርሳቸው ናቸው የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ግን ቋንቋው የተማሪዎቻቸው ነበር።

እዚህ ላይ ልንሸሽገው የማይገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1880 ዓ.ም. በሚላኖ የተሰበሰቡ መምህራን፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በአንደበት ብቻ እንዲማሩና ምልክት እንዲቀር ወሰኑ። ከ160 በላይ ከሆኑት ልዑካን መካከል መስማት የተሳነው ከአንድ ሁለት አይበልጥም ነበር። የጉባኤው ሊቀ መንበርም ካህን ነበሩ፤ አባ ጁሊዮ ታራ ይባላሉ። ልጆቹ ከማኅበረሰቡ እንዳይለዩ በበጎ ፈቃድ እንዳሰቡ አንጠራጠርም። ሆኖም በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች በምልክት እንዳይነጋገሩ እጃቸው ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራንም ከሥራቸው ወጡ። ያ ውሳኔ ስሕተት መሆኑ ታምኖ ጸጸት የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በቫንኩቨር በተደረገው ጉባኤ ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ።

በየቁምስናችንም መስማት የተሳነው ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። እናት በእጇ «ና፣ ብላ፣ ተኛ» ትለዋለች። ሌሊት ምን አስፈርቶት እንደ ነቃ ለመጠየቅ ግን ምልክት የላትም፤ እርሱም የሚመልስበት የለውም። የምልክት ቋንቋ የሚያስተምራቸው ሰው በአቅራቢያቸው ይገኝ እንደሆነ ከመካከላችን የጠየቀላቸው ማን ነው?