ውሻ ነከሰኝ የሚል የካሳ ጥያቄ ሲመጣ፦ ለባለሱቅና ለባለመጋዘን የሚጠቅም ትምህርት

ሱቁንና መጋዘኑን ከሌባ ለመጠበቅ ውሻ የሚያሳድር ነጋዴ ብዙ ነው። በሹም አቦም ሆነ በሌላው የባሕር ዳር ሰፈር «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን ይህ ጠባቂ አንድ ቀን መንገደኛ የነከሰ እንደ ሆነ ባለንብረቱ ባለዕዳ ይሆናል። ከዚህም ጋር ያልተነከሰው ተነከስሁ፥ ጥቂት የተጎዳውም ብዙ ተጎዳሁ እያለ የሚመጣበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ አጠራጣሪ ጥያቄ ሲቀርብ በቍጣ መካድም ሆነ በድንጋጤ መክፈል ሁለቱም ኪሳራ ስለሆነ፥ ነጋዴው ነገሩን እንዴት መርምሮ እንደሚይዘው ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

1ኛ፤ ሕጉ ምን ይላል?

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 እንደ ደነገገው፥ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ፥ ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆን እንኳ፥ ኀላፊነቱ አይቀርም። እንግዲህ «እኔ አላጠፋሁም፤ ውሻው ሰንሰለቱን በጥሶ ነው» የሚለው መልስ ባለቤቱን አያድነውም። በቍጥር 2086 መሠረት ኀላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት፥ ጉዳቱ የደረሰው በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው በራሱ ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ለምሳሌ የታሰረውን ውሻ በድንጋይ እየመታ ያስቈጣ ሰው እንደሌላው መንገደኛ አይቈጠርም።

በሌላ በኩል ሕጉ ጠያቂውን ያለ ማስረጃ አያምንም። የጉዳቱን መጠንና ተከሳሹን ኀላፊ የሚያደርገውን ነገር የማስረዳት ግዴታ በቍጥር 2141 የተጣለው በተጎጂው ላይ ነው። ክሱም በቍጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በሥጋት፥ በድንጋጤና በሥቃይ ምክንያት የሚጠየቀው የሕሊና ጉዳት ካሳም በቍጥር 2116 መሠረት ከ1000 ብር አይበልጥም። ይህን ወሰን የማያውቅ ነጋዴ በ10 ሺሕ የሚቈጠር የድንጋጤ ዋጋ ሲጠየቅ ራሱ ይደነግጣል።

2ኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሕይወት

ጥያቄው ቢያጠራጥርም ሕክምናው አይቈይም። የውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈውስ ስለሌለው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜው የተከተበ ሰው ግን ይድናል። ይህን ክትባት ሉዊ ፓስተር በ1885 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሰው ላይ ከሞከረ ወዲህ ሳይንሱ እየተሻሻለ መጥቷል። ስለዚህ ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፥ ከዚያም ሰውዬውን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ይህን ማድረግ ሰብአዊ ግዴታ እንጂ ዕዳን ማመን አይደለም።

ውሻውንም በንዴት መግደል አይገባም። ለ10 ቀን ታስሮ በእንስሳት ሐኪም ቢጠበቅና ጤነኛ ሆኖ ቢቈይ፥ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን የሚያስተላልፍ እንዳልነበረ ይታወቃል። የተገደለ ውሻ ግን ለሐኪሙም ለዳኛውም ምስክር አይሆንም።

3ኛ፤ የኢንሹራንሱን ውል አንብቡ

አንዳንድ ነጋዴ «ቤቴ ኢንሹራንስ አለው» ብሎ ይተማመናል። ይሁን እንጂ ለእሳትና ለስርቆት ብቻ የተገባ ውል፥ ውሻ ለነከሰው ሰው የሚከፈለውን ካሳ አይሸፍንም። ይህን የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተገባ የኀላፊነት ኢንሹራንስ ነው፤ በዚህም ውስጥ ቢሆን እንስሳት ተለይተው የቀሩ እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ውል ያለው ሰው አደጋው እንደ ተሰማ በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለኩባንያው በጽሑፍ ያስታውቅ። ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ለማስታረቅ ቢጥሩ መልካም ባህላችን ነው። ሆኖም ኩባንያው ሳያውቅ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ መፈረም የኢንሹራንሱን ጥቅም ሊያሳጣ ይችላል። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «እግዜር ይማርህ» ማለትና የዕዳ ወረቀት መፈረም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

4ኛ፤ ምርመራው

ጠያቂው በመጣ ጊዜ በትሕትና ተቀብሎ አራት ነገሮችን መለየት ይገባል፤ በእርግጥ ነክሶታልን? የነከሰውስ የኔ ውሻ ነውን? ተጎጂው በራሱ ጥፋት ያመጣው ነገር አለን? የተጠየቀውስ ገንዘብ ትክክል ነውን? ለእነዚህም መልስ እንዲገኝ የዘበኛውና የጎረቤቶች ቃል ከነቀኑና ከነሰዓቱ በዚያው ዕለት ይጻፍ። ስፍራው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የሰንሰለቱ ርዝመት ይለካ፤ የውሻው የክትባት ወረቀትም ይቀመጥ።

ጠያቂው ዘግይቶ መምጣቱ፥ የሐኪም ወረቀት ማጣቱ፥ የደረሰኞቹ ቀን አለመግጠሙ ጥርጣሬን ያመጣሉ። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። በአገራችን በውሻ የተነከሰ ሰው ከሆስፒታል በፊት ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል መድኃኒት ዐዋቂ መሄዱ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሐኪም ወረቀት በመጀመሪያው ቀን አለመኖሩ ብቻውን ሰውዬውን ውሸታም አያሰኘውም።

5ኛ፤ ምሳሌ

ለትምህርት ያህል ይህን እናስብ። አንድ ሰው አደጋው ከደረሰ ከ20 ቀን በኋላ ወደ አንድ እህል ነጋዴ መጥቶ፥ በመጋዘኑ በር ሳልፍ ውሻህ ነከሰኝ ይላል። ለሕክምና 8000 ብር፥ በቀን 400 ብር ሒሳብ ለ30 ቀን የሥራ መፍታት 12000 ብር፥ ለድንጋጤ 40000 ብር፥ በድምሩ 60000 ብር ይጠይቃል። ዘበኛው ደግሞ «ውሻው ታስሮ ነበር» ብሎ ይምላል።

ነጋዴው ሰንሰለቱን ቢለካው 6 ሜትር ሆነ፤ ከማሰሪያው እስከ መተላለፊያው ግን 4 ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ውሻው ታስሮም ቢሆን መንገደኛውን ሊደርስበት ይችል ነበር። የጤና ጣቢያው መዝገብም ንክሻው እውነት መሆኑን አሳየ። ደረሰኞቹ ሲታዩ ግን የ4800 ብሩ ከንክሻው ቀን በፊት የተቈረጡ ናቸው፤ የቀረው 3200 ብር ነው። ሐኪሙ የፈቀደው ዕረፍት 5 ቀን ስለሆነ የሥራ መፍታቱ 2000 ብር ይሆናል። የሕሊና ጉዳት ቢፈረድ ከ1000 ብር አያልፍም። ስለዚህ በማስረጃ የሚደገፈው ከፍ ቢል 6200 ብር ነው።

ዘበኛውን አምኖ ሁሉን የካደ ነጋዴ በፍርድ ቤት ይረታ ነበር፤ ጠያቂውን አምኖ ሁሉን የከፈለም 53800 ብር ይከስር ነበር። ንክሻው እውነት፥ ሒሳቡ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ የምርመራው ፍሬ ነው። አስቦ በሐሰተኛ ሰነድ ሌላውን አሳስቶ ገንዘብ የሚወስድ ሰው በ1996 ዓ. ም. የወንጀል ሕግ ቍጥር 692 በአታላይነት ሊጠየቅ ይችላል፤ ሆኖም ማስረጃውን ለፖሊስና ለኩባንያው መስጠት እንጂ ሰውን በአደባባይ ሌባ ብሎ መስደብ የነጋዴ ሥራ አይደለም።

በመጨረሻም «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለ፥ ውሻውን በየጊዜው ማስከተብ፥ ሰንሰለቱን ከመተላለፊያው ማሳጠር፥ ደንበኛ በሚገባበት ሰዓት ውሻውን በጓሮ ማሰር ይገባል። በበር ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ኀላፊነትን አያስቀርም። የኢንሹራንስ ውላችሁንም ዛሬውኑ ከሣጥን አውጥታችሁ፥ ውሻችሁ በውስጡ መጠቀሱን ተመልከቱ።